ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ በአሜሪካ የመንግሥት ድጋፍ ማግኘት፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ይግባኝ

«ልጃችን ኦቲዝም አለበት ተባልን። መንግሥት የሚረዳው ነገር አለ ይሉናል፤ ከየት እንጀምር?» አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ የሀበሻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ይህንን ነው። ኦቲዝም ይሁን ዳውን ሲንድሮም፣ ሴሬብራል ፖልሲ ይሁን የመስማት ችግር፣ አካሄዱ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ደረጃ በደረጃ አስቀምጠነዋል።

ድጋፉ ከአንድ ቢሮ አይወጣም። የትምህርቱ እርዳታ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሕክምናው ሜዲኬይድ በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን፣ የወር ገንዘቡ ደግሞ ኤስኤስአይ በሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲ ፕሮግራም በኩል ነው የሚመጣው። በአብዛኛው ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው እናንተ ከጠየቃችሁበት ቀን ነው፤ ችግሩ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ማንም አይቆጥርላችሁም። ስለዚህ ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ። መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቀኑን አስመዝግቡ፣ ወረቀቱን ከዚያ አሟሉ።

በአንድ ፎልደር የምትይዟቸው

- የልጁ የልደት የምስክር ወረቀትና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፤ አሜሪካ ካልተወለደ ግሪን ካርዱ ወይም የጥገኝነት ወረቀቱ
- ልጁን ያዩት ሐኪሞች፣ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ሁሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የታየበት ቀን
- የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን
- የትምህርት ቤቱ ግምገማና ዕቅድ፤ ልጁን በደንብ የሚያውቀው መምህር ስም
- የሁለቱም ወላጆች የደመወዝ ወረቀትና የባንክ መግለጫ
- ተራ ደብተር፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ

የሐኪም ማስረጃዎቹ ራሳቸው እጃችሁ ላይ ባይኖሩም ችግር የለም። ፈቃድ ከፈረማችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ከሐኪሙ ያስመጣል፤ ከእናንተ የሚፈልገው ትክክለኛ አድራሻና ቀን ነው።

ደረጃ 1፦ በልጁ ዕድሜ ትክክለኛውን በር አንኳኩ

ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው የምትደውሉት ኧርሊ ኢንተርቬንሽን ወደሚባለው የስቴት ፕሮግራም ነው። ስሙ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ፣ ዲሲ ስትሮንግ ስታርት፣ ቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ እናት ወይም አባት ስልክ አንስቶ «የልጄ ንግግር አሳስቦኛል» ማለት በቂ ነው። ግምገማው በነፃ ነው፤ ከጥሪው በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ግምገማውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መጠናቀቅ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ነገር አለ። «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው፣ ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው፣ ሲያድግ ይናገራል» እየተባለ ጊዜው ይነጉዳል። ይህ ፕሮግራም በአብዛኛው ልጁ 3 ዓመት የሞላ ዕለት ይዘጋል። ተገምግሞ ችግር የለበትም ከተባለ የከሰራችሁት አንድ ጠዋት ነው፤ ጠብቃችሁ ችግሩ ካለ ግን ያለፈውን ዓመት የሚመልስላችሁ የለም።

ልጁ 3 ዓመት ከሞላው ጥያቄው የሚቀርበው ለሰፈራችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ ልጁ ገና ትምህርት ቤት ባይገባም። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ይህን ያህል ይበቃል፦ «ልጄ እገሌ በዚህ ቀን ተወለደ። የልዩ ትምህርት ግምገማ በሁሉም በሚያሳስቡ ዘርፎች እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። ያሳሰቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው…» ቀን ጻፉበት፣ ፈርሙ፣ ኮፒ ያዙ። በኢሜይል ከላካችሁት ቀኑ ራሱ ይመዘገባል። በር ላይ ለመምህሯ በቃል የተነገረ ነገር ቀን የለውም፤ ቀን የሌለው ጥያቄ ደግሞ ማንንም አያስገድድም። ለግምገማው ፈቃዳችሁን ከፈረማችሁ በኋላ የፌዴራል ሕጉ 60 ቀን ይሰጣል፤ አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው ገደብ አላቸው።

ልጁ ብቁ ከሆነ አይኢፒ የሚባል የጽሑፍ ዕቅድ ይዘጋጅለታል። በየዓመቱ ይከለሳል፣ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንደገና ስለመገምገሙ ይታያል። ለስብሰባው አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጠረጴዛው ላይ የቀረበላችሁን ዕቅድ እዚያው እንድትፈርሙ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ዕቅዱ ውስጥ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ካያችሁ በቁጥር ይተካ በሉ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ለብቻ ወይስ በቡድን። ቁጥር የሌለው አገልግሎት ሲቀር መቅረቱን ማሳየት አይቻልም። በግምገማው ካልተስማማችሁ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ባለ ባለሙያ፣ በትምህርት ቤቱ ወጪ እንዲደገም መጠየቅ ትችላላችሁ። የኢሚግሬሽን ወረቀት ለዚህ ሁሉ መስፈርት አይደለም።

ደረጃ 2፦ የሜዲኬይድ ዌቨር ወረፋ ያዙ

«ገቢያችን ከፍ ስለሚል ሜዲኬይድ አይሰጡንም» ብላችሁ ከተዋችሁት ተመለሱበት። ብዙ ስቴቶች ከባድ የጤና ወይም የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች የወላጅን ገቢ ሳይቆጥሩ ሜዲኬይድ የሚሰጡበት መንገድ አላቸው፤ ዌቨር ወይም ኬቲ ቤኬት ይባላል። ዌቨር ቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው፣ ለወላጅ ዕረፍት የሚሰጥ አገልግሎት፣ አንዳንዴም ቤቱን ለዊልቸር ማስተካከያ ይከፍላል።

ወረፋው በብዙ ስቴት ዓመታት ይፈጃል፤ ሁለተኛ ያደረግነውም ለዚህ ነው። ዛሬ ባያስፈልጋችሁም ስሙን አስመዝግቡ። ስትደውሉ «ለልጆች ያሏችሁን ዌቨሮች በሙሉ ንገሩኝ» በሉ፤ አንድ ስቴት ብዙ ስላለው አንዱን ብቻ ከጠየቃችሁ ስለሌላው ላይነግሯችሁ ይችላሉ። የመዝገብ ቁጥራችሁን ጻፉ። ቤት ስትቀይሩ አሳውቋቸው፤ ተራችሁ ደርሶ የተላከ ደብዳቤ መልስ ካጣ ከወረፋው ልትሰረዙ ትችላላችሁ። ወደ ሌላ ስቴት ከሄዳችሁ ደግሞ ወረፋው አይከተላችሁም፤ ከዜሮ ነው።

ልጁ ሜዲኬይድ ካገኘ 21 ዓመት እስኪሞላው ለሕክምና አስፈላጊ የሆነውን አገልግሎት የመሸፈን የፌዴራል ግዴታ አለ። የንግግር ሕክምና ወይም ዊልቸር በመጀመሪያ ጥያቄ ቢከለከል ሐኪሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ዘርዝሮ እንዲጽፍ አድርጋችሁ ይግባኝ በሉ።

ደረጃ 3፦ የልጁን የወረቀት ሁኔታ አረጋግጡ

ለኤስኤስአይ የሚታየው የልጁ እንጂ የወላጅ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይደለም። እዚህ የተወለደ ልጅ ዜጋ ነው፤ እናቱና አባቱ ወረቀት ባይኖራቸው እንኳ ብቁነቱ አይነካም። ግሪን ካርድ ያለው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ አብሮት የሚኖረው ወላጁ ዜግነት ሲያገኝ በዚያው ዜጋ ይሆናል። ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ልጅ እስከ 7 ዓመት ድረስ ማግኘት ይችላል።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ፣ ዜግነት ገና ያላገኘ ልጅ ላይ ነገሩ ይጠብቃል። አምስት ዓመት መቆየትና 40 የሥራ ክሬዲት (ታክስ እየተከፈለበት በተሠራ ሥራ የሚገኝ ነጥብ) ይጠየቃል። ልጅ ስለማይሠራ የወላጆቹ ክሬዲት ይታሰብለታል፣ የእናትና የአባትም ይደመራል። በዓመት ከፍተኛው 4 ክሬዲት ነው፤ ሁለታችሁም 5 ዓመት ታክስ እየከፈላችሁ ከሠራችሁ 20 እና 20፣ 40 ሞላ ማለት ነው። በጥሬ ገንዘብ ያለ ታክስ የተሠራ ሥራ እዚህ ምንም አይቆጠርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቤተሰቡ መካከል ግሪን ካርድ በሂደት ላይ ያለው ሰው ካለ ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ አማክሩ። የኢሚግሬሽን ደንቦች ይቀያየራሉ፤ ሰፈር ውስጥ የሚወራውን ይዛችሁ አትወስኑ፣ ለማመልከትም ለመተውም።

ደረጃ 4፦ ገቢና ንብረታችሁን አስሉ

በፈረንጆቹ 2026 ከፍተኛው የፌዴራል የኤስኤስአይ ክፍያ በወር 994 ዶላር ነው፤ አንዳንድ ስቴቶች ይጨምሩበታል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አብረውት የሚኖሩት ወላጆች ገቢ ይታሰባል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ይህን የማያውቁ ብዙ ቤተሰቦች ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አባትና እናት አሉ፣ አንድ ድጋፍ የሚፈልግ ልጅና ገቢ የሌላቸው ሁለት ሌሎች ልጆች። የቤቱ ገቢ ታክስ ሳይቆረጥ በወር 4,500 ዶላር ደመወዝ ብቻ ነው።

- ለሁለቱ ልጆች 497 ለእያንዳንዳቸው ይቀነሳል፤ 3,506 ይቀራል።
- ሕጉ የማይቆጥራቸው 20 እና 65 ይቀነሳል፤ 3,421 ይቀራል። ግማሹ 1,710.50 ነው።
- ለወላጆቹ መኖሪያ 1,491 ይቀነሳል፤ 219.50 ይቀራል።
- ከዚህ ላይ 20 ተቀንሶ 199.50 የልጁ ገቢ ተብሎ ይያዛል።
- 994 ሲቀነስ 199.50፣ ልጁ በወር 794.50 ዶላር ያገኛል።

ሁለተኛው መስፈርት ንብረት ነው። የልጁ ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የወላጅ ደግሞ ለአንድ ወላጅ ቤት 2,000፣ ለሁለት ወላጆች 3,000 ይተዋል፤ ከዚያ የበለጠው እንደ ልጁ ይቆጠራል። የምትኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም።

የንብረት ቆጠራ የሚደረገው በየወሩ መጀመሪያ ቅጽበት ላይ ነው። እዚህ ላይ እቁብ ብዙ ሰው ያስጠይቃል። የደረሳችሁ 10,000 ዶላር ወሩ ሲለወጥ ባንክ ውስጥ ከተገኘ የእናንተ ንብረት ነው፣ የዚያን ወር ክፍያ ያሳጣል። የእቁብ ዳኛ ከሆናችሁና የሌሎች ገንዘብ በእናንተ ስም ካለፈ ደግሞ የእናንተ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም እናንተ ላይ ይወድቃል። የልጁ ወላጅ የእቁብ ገንዘብ ያዥ ባይሆን ይመረጣል፤ ከሆነም የአባላቱን ዝርዝርና የክፍያ ደረሰኝ ያስቀምጥ። ለልጁ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ኤብል የሚባል ሒሳብ ክፈቱለት፤ እዚያ ያለው እስከ 100,000 ዶላር ለኤስኤስአይ አይቆጠርም።

ደረጃ 5፦ ደውሉና ቀኑን አስመዝግቡ

ወደ 1-800-772-1213 ደውሉ። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፤ መስመሩ ላይ ሰው ሲመጣ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ከዚያ አንድ ነገር በግልጽ ተናገሩ፦ «ለልጄ ኤስኤስአይ ማመልከት እፈልጋለሁ።» ይህን ያላችሁበት ቀን ማመልከቻው እንደገባበት ቀን ሊያዝላችሁ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ማመልከቻውን በሚሰጣችሁ የ60 ቀን ገደብ ውስጥ ካጠናቀቃችሁ ነው። ክፍያ የሚታሰበው ካመለከታችሁበት ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ስለሆነ፣ በጃንዋሪ 30 መደወልና በፌብሩዋሪ 2 መደወል የአንድ ወር ገንዘብ ልዩነት አለው። ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ልጁ ዳውን ሲንድሮም፣ ሴሬብራል ፖልሲ፣ ፍጹም ዓይነ ስውርነት ወይም ፍጹም መስማት አለመቻል ካለበት ውሳኔ ሳይጠበቅ እስከ 6 ወር ክፍያ ሊጀመር ይችላል። ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ሊታለፍ ይችላል። በመጨረሻ በሕክምና ምክንያት ብቁ አይደለም ቢባል እንኳ ያንን ገንዘብ መልሱ አትባሉም።

ደረጃ 6፦ ቅጾቹን ልጁን እንዳለ እያሳያችሁ ሙሉ

ማመልከቻው የሚወድቀውም የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው። ወሳኙ መሥሪያ ቤት ልጁን ላያየው ይችላል፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። የበሽታው ስም ብቻውን በአብዛኛው አያበቃም። የሚጠየቀው ልጁ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር በስድስት ዘርፎች ምን ያህል እንደተገደበ ነው፦ አዲስ ነገር መማርና መጠቀም፣ ትኩረት አድርጎ ሥራ መጨረስ፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ መንቀሳቀስና ዕቃ መያዝ፣ ራሱን መንከባከብ፣ አጠቃላይ ጤና። በሁለቱ ላይ ጉልህ ወይም በአንዱ ላይ እጅግ የከፋ ገደብ መኖር አለበት፤ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይም መሆን አለበት።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ። በየማታው አምስት ነገር ብቻ፦ ስንት ጊዜ ከእንቅልፍ ነቃ፣ ልብስ ማልበስ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ምን በላ ማንስ አጎረሰው፣ ስንት ጊዜ ራሱን ወይም ሌላውን መታ፣ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ደወለ። ከዚያ ቅጹ ላይ እንዲህ አትጻፉ፦ «ልብስ መልበስ ትንሽ ያስቸግረዋል።» እንዲህ ጻፉ፦ «7 ዓመቱ ነው። ሱሪ ለብቻው ለብሶ አያውቅም። ካልሲ ሲነካው ስለሚጮህ ጠዋት ማልበሱ 25 ደቂቃ ይፈጃል። የ4 ዓመት እህቱ ራሷ ትለብሳለች።» ሁለተኛው መለኪያ አለው፤ የመጀመሪያው የማንኛውም ልጅ ሊሆን ይችላል።

የእኛ ሰው ባህል እዚህ ይፈተናል። ሠራተኛው «እንዴት ነው ልጁ?» ሲል እናት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ትላለች። ምስጋናዋ ከልብ ነው፤ አስተርጓሚው ግን «ደህና ነው» ብሎ ያስተላልፈዋል፣ እሱም መዝገብ ላይ ይገባል። ሐኪም ቤትም እንዲሁ። ልጁን ማቃለል የሚመስላችሁን ነገር ሁሉ በዚያች ሰዓት ተናገሩ፤ እናንተ ባትኖሩ ልጁ ምን ማድረግ እንደማይችል ነው የሚጠየቀው። ሱሪውን የምታለብሱት፣ ምግቡን የምትፈጩለት፣ በሩን ቆልፋችሁ ቁልፉን የምትደብቁት እናንተ ናችሁ፤ ይህ ካልተነገረ ሁሉንም ራሱ እንደሚሠራ ይቆጠራል። ማጋነን ግን አይገባም፤ የመምህሩ ቅጽ የእናንተን ካልደገፈ ሌላው ቃላችሁም ይጠረጠራል።

መምህሩም ጥያቄዎች ይላኩለታል። ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሳይሞላ እንዳይቀር።

ደረጃ 7፦ ስትጠብቁ

ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ወር ይወስዳል። ማስረጃው ካልበቃቸው በራሳቸው ወጪ ልጁን ወደ ሐኪም ይልኩታል። ቀጠሮው ላይ አለመገኘት ብቻውን ለመከልከል በቂ ነው፤ ካልተመቻችሁ አስቀድማችሁ ደውላችሁ አስቀይሩት። ያ ሐኪም ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ልጁም የዚያን ዕለት ጸጥ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከደብተሩ አንድ ገጽ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ ምርመራ ወይም አዲስ አይኢፒ በመካከል ከመጣ ላኩላቸው።

ደረጃ 8፦ ከተከለከላችሁ

ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን በኋላ ለይግባኝ 60 ቀን አላችሁ፤ ለፖስታ 5 ቀን ይታሰባል። መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ። ገቢ ወይም ንብረት ከሆነ ስሌቱን ከደረጃ 4 ጋር አመሳክሩ፣ ሌሎቹ ልጆች ተቆጥረው እንደሆነ እዩ። ሕክምና ከሆነ የትኛው ክሊኒክ ማስረጃ እንዳልደረሰ ከዝርዝሩ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ሆስፒታል ነው።

ትልቁ ስህተት ይግባኙን ትቶ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ነው። አዲስ ካስገባችሁ የመጀመሪያው ቀን ይጠፋል፣ ከዚያ ጀምሮ የሚታሰበው ውዝፍም አብሮ ይሄዳል። የይግባኙ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ማለትም ጉዳዩን በድጋሚ ማየቱ፣ ካልተሳካ ቀጥሎ ዳኛ ፊት ነው፤ ለዚያ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ወይም ጠበቃ ያዙ። ጠበቃ ክፍያውን የሚያገኘው ሶሻል ሴኩሪቲ ሲፈቅድለት ነው። ፎርም እሞላላችኋለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትቀበሉ፤ ማመልከት በነፃ ነው።

ደረጃ 9፦ ከተፈቀደ በኋላ

በብዙ ስቴቶች ከኤስኤስአይ ጋር ሜዲኬይድ አብሮ ይመጣል፤ ካርዱ ካልደረሰ ጠይቁ። ደመወዝ ሲጨምር፣ ሰው ከቤት ሲወጣ ወይም ሲገባ፣ አድራሻ ሲቀየር፣ ለውጡ ከሆነበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን አሳውቁ። ሳታሳውቁ የተከፈለ ትርፍ ገንዘብ ከዓመታት በኋላም ይጠየቃል። ውዝፉ ትልቅ ከሆነ በልጁ ስም ልዩ ሒሳብ ይከፈታል፤ ከዚያ የሚወጣው ከልጁ ጉዳት ጋር ለተያያዘ ሕክምና፣ ትምህርትና መሣሪያ ነው። ደረሰኝ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጁን ይዛችሁ ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ቀኑን ቁጠሩ። ልጁ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆየ ክፍያው ይቆማል፤ ከተመለሰም በኋላ 30 ተከታታይ ቀን እዚህ እስኪኖር አይጀመርም። ሄዳችሁ መመለሳችሁን አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ማመልከቻ የሚያዘገዩ ትንንሽ ስህተቶች

የስም አጻጻፍ። የልጁ ስም በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ክሊኒኩ ጋ ሌላ ዓይነት ሆኖ ከተጻፈ ማስረጃው አይገኝም። አንድ ፊደል ሲለይ ሁለት ሰው ይሆናል። ክሊኒኩ እንዲያስተካክል ጠይቁ፤ እስከዚያ በሌላ አጻጻፍም እንደሚገኝ ቅጹ ላይ ጻፉ።

የልደት ቀን። አገር ቤት ለተወለደ ልጅ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ቀን ካለ ሁሉም ወረቀት ላይ ተመሳሳይ መሆኑን አረጋግጡ።

ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ ሁሉን አይናገርም፤ ማንም ወንድሙን እንዲያሳጣ ሊጠየቅም አይገባውም። ነፃውን አስተርጓሚ ተጠቀሙ።

በገቢ ምክንያት የተከለከላችሁ ከሆነ የልጁን 18ኛ ልደት ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ የእናንተ ገቢና ንብረት መቆጠሩ ይቀራል፤ በራሱ ስም እንደ አዲስ አመልክቱለት። ቀድሞ ሲያገኝ የቆየ ልጅ ደግሞ በዚያው ዕድሜ በአዋቂ መስፈርት እንደገና ይታያል፤ ያ ደብዳቤ ሳይመጣ በፊት አዲስ የሐኪም ማስረጃና የመጨረሻውን አይኢፒ አዘጋጁ።